ትንሿ ኤፍ፣ ትልቋ ኤፍ

ስንቱን ችለን እንኑር? መብራት ይጠፋል፣ እንችላለን። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ እንችላለን። የማስተምርበት የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ለሠላሳ ተማሪ አንድ ትርፍ ሃርድ ዲስክ የለም፣ እሱንም ለምደነዋል። እንዲያውም ከዛሬው ጉዳይ ጋር ያስተዋወቀን የትርፍ ዲስክ መጥፋት ነው። ሊኑክስ አንድን ተራ ፋይል ወስዶ ዲስክ አድርጎ ይሾመዋል። ባዶ ፋይል እንፈጥራለን፣ በሎሴትአፕ ከሉፕ ዲቫይስ ጋር እናያይዘዋለን፣ እላዩ ላይ የፈለግነውን ፋይል ሲስተም እንሠራለን፣ ማውንት እናደርገዋለን፤ በቃ፣ ዲስክ ሆነ። ተማሪው ሺህ ጊዜ ቢያበላሸው የሚጠፋው አንድ ፋይል ነው። ለድሃ ላብ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም። እወደዋለሁ። የማማርረውም ስለምወደው ነው።

ድካሙ የሚመጣው ፋይሉ ዲስክ ከሆነ በኋላ ነው። የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ይህን ዲስክ ፎርማት አድርግልን። ይህን አንድ ነገር ለማለት ግን ስንት ቋንቋ እንማር?

ከፊደል ኤፍ ልጀምር። ኢኤክስቲ4 ላይ “የነበረውን አትይ፣ በግድ ሥራው” ለማለት ትልቋ ኤፍ ትጻፋለች። ኤክስኤፍኤስ ላይ ያንኑ ለማለት ትንሿ ኤፍ ናት። ቢቲአርኤፍኤስም ትንሿን ይፈልጋል። ወደ ፋት ስንሄድ ትልቋ ኤፍ “በግድ” ማለቷን ትታ፣ ፋት 12 ነው፣ 16 ነው ወይስ 32 ብላ ቁጥር ትጠይቃለች፤ ትንሿ ደግሞ የፋት ሠንጠረዡ ስንት ቅጂ ይኑረው ማለት ናት። ኤንቲኤፍኤስ ላይ ትንሿ “ቶሎ ጨርሰው” ናት፣ ትልቋ “በግድ”። ሶላሪስ ላይ ትልቋ ኤፍ የፋይል ሲስተሙ ዓይነት መጠሪያ ናት። ፍሪቢኤስዲ ላይ ትንሿ ኤፍ የፍራግመንት መጠን ነው። አንዲት ፊደል ናት። በየበሩ ሌላ ሰው ትሆናለች።

ባለፈው ሴሚስተር የተግባር ፈተና ላይ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ፋት መሥራት ነበረባት። ትልቋን ኤፍ ጻፈች፣ ቀጥላ የዲቫይሱን ስም። ፕሮግራሙ የዲቫይሱን ስም ቁጥር ነው ብሎ ሊያነበው ሞከረና ተቆጣ። ልጅቷ ደግማ ጻፈች። ደግሞ ተቆጣ። “መምህር፣ ትናንት እኮ ሠርቶልኝ ነበር” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትናንት በኢኤክስቲ4 ሠርቶላታል። ብሎክ ምን እንደሆነ፣ ሱፐርብሎክ የት እንደሚቀመጥ፣ ጆርናል ለምን እንዳስፈለገ ብትጠይቋት አንድም አትስትም። የሳተችው የፊደል ጠባይ ነው። አሥር ደቂቃዋን በላባት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። “በግድ ሥራው” የሚለው ትእዛዝ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ሁሉ አደገኛው ነው። የሰው የዓመታት ሥራ ያለበትን ዲስክ ሳይጠይቅ የሚያጠፋው እሱ ነው። የትኛውም ፊደል በየቦታው ቢለዋወጥ እንችል ይሆናል፤ ይቺ ግን በየትም ቤት አንድ መሆን ነበረባት። ሉፕ ዲቫይስ ላይ የተለማመደ ጣት ነገ እውነተኛ ሰርቨር ላይ ነው የሚያርፈው።

የመለያየታቸው ምክንያት አይጠፋኝም። የሶላሪስና የፍሪቢኤስዲው ዩኤፍኤስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ፋት ደግሞ ከማይክሮሶፍት የመጣ ነው፣ ከዚያም ይቀድማል። ኤክስኤፍኤስን ሲሊከን ግራፊክስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለራሱ አይሪክስ ሠራው። ኢኤክስቲ2 በ1993 ለሊኑክስ ተጻፈ፤ የልጅ ልጁ ኢኤክስቲ4 በ2008 ለአገልግሎት በቃ። ቢቲአርኤፍኤስ በ2007 ኦራክል ውስጥ ተጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እያንዳንዱ በየቤቱ አድጎ የየቤቱን አነጋገር ይዞ መጣ። አንድ ጣሪያ ሥር ከተሰበሰቡ በኋላ አንዱ ፊደሉን ልቀይር ቢል፣ በዓለም ላይ ለዓመታት የተጻፈ ስክሪፕት ሁሉ ይሰበራል። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ የኋለኞቹ ነገር ነው። ሳምሰንግ በ2012 ኤፍቱኤፍኤስን ይዞ ሲመጣ፣ ለዲስኩ ስም ማውጫ ኢኤክስቲ4ም ኤክስኤፍኤስም ቢቲአርኤፍኤስም ትልቋን ኤል ይጠቀሙ ነበር። በአንድ ነገር እንኳ ተስማምተው ነበር። ኤፍቱኤፍኤስ ትንሿን ኤል መረጠ። ፋት ቀድሞውኑ በትንሿ ኤን ነው የሚጠራው።

ስም ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ለብቻችን የምንከፍለው ዋጋ አለ። ዲስኩን በገዛ ፊደሌ “የተማሪዎች” ብዬ ልሰይመው ብል፣ ቃሉ ስድስት ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስድስቱ 18 ባይት ይሆናሉ። ኢኤክስቲ4 ለስም የሰጠው ቦታ 16 ባይት ነው። ስለዚህ እስከ “የተማሪዎ” ድረስ ይቀበልና ከ“ች” ሦስት ባይቶች አንዱን ብቻ ወስዶ ሁለቱን ይጥላል። ይረዝማል ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ግን ፊደሉን ከመሐል ነው የሚሰብረው። ኤክስኤፍኤስ 12 ባይት ነው ያለው፤ አራት ፊደል። ከዚያ ካለፈ አልሠራም ብሎ ይቆማል። ፋት 11 ባይት አለው፣ እሱም በድሮው የዶስ ፊደላት ስለሆነ ግዕዝ ከነጭራሹ ቦታ የለውም። ከእነዚህ መካከል እንደልብ የሚያጽፈው ቢቲአርኤፍኤስ ነው። ለእንግሊዝኛ ስም ማንም በዚህ አይጨነቅም፣ ኢኤክስቲ4 ላይ አሥራ ስድስቱም ፊደል ይገባለታል።

የፋይል ስምም ላይ ያው ነው። ኢኤክስቲ4፣ ኤክስኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ ለአንድ ፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳሉ። በእንግሊዝኛ 255 ፊደል ነው፤ በአማርኛ 85። ፋት32 እና ኤንቲኤፍኤስ ግን የሚቆጥሩት በባይት ስላልሆነ የእኛም ፊደል እስከ 255 ይሄድላቸዋል። አሁን የስብከት ቅጂ ያለው፣ የስብከቱን ርእስ፣ የሰባኪውን ስም፣ ቦታውንና በዓሉን ሁሉ በፋይሉ ስም ላይ የጻፈ ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ፍላሹ ላይ ይከፈታል፣ ይሰማል። ወደ ሊኑክሱ ዲስክ ሲገለበጥ “ስሙ በጣም ረጅም ነው” ይላል። ሰውዬው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። እኔ ደግሞ ስለ ባይት ላስረዳው እቸገራለሁ። እያንዳንዱን ስም ቁጭ ብሎ ማሳጠር ነው፤ ማሳጠር ማለት ደግሞ ከስሙ ላይ የበዓሉን ወይም የሰባኪውን ስም መቁረጥ ነው።

ወደ ላባችን ልመለስ። መመሪያችን ለዓመታት “100 ሜጋባይት ፋይል ፍጠሩ” ይል ነበር። ኢኤክስቲ4 ይሠራበታል፣ ፋት ይሠራበታል፣ ኤክስኤፍኤስም ይሠራበት ነበር። በ2022 የኤክስኤፍኤስ መሣሪያዎች ስሪት 5.19 ሲወጣ ከ300 ሜጋባይት በታች አልሠራም አለ። ምክንያት አላቸው፤ በጣም ትንንሾቹ ኤክስኤፍኤሶች ሥራቸው ደካማ ስለሆነ ማንም ለቁም ነገር እንዳያውላቸው ነው። የኛን ላብ ግን ማን አሰበው? ኮምፒውተሮቹን አሻሽለን በመጣን ሰሞን፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሠላሳ ተማሪ እጁን አውጥቶ “መምህር፣ አልሠራም” ሲለኝ ዋለ። ቢቲአርኤፍኤስም በተለመደው አሠራሩ ወደ 109 ሜጋባይት ካላገኘ አይነሳም፤ እንግዲህ መመሪያው ላይ ያለው አንድ ቁጥር ለአራቱ ፋይል ሲስተሞች ሦስት ቁጥር ሆነ።

ባዶ ፋይሉን መፍጠሩም ቢሆን ሰላም የለውም። ሊኑክስ ላይ በዲዲ ስንፈጥር ሜጋባይት በትልቋ ኤም ነው፤ ትንሿን ብንጽፍ ይህ ቁጥር አይደለም ይላል። ቢኤስዲና ማክ ላይ ያደጉት የለመዱት ትንሿን ኤም ነው። ትልቋን ኤም ጽፈን ቢ ብንጨምርባት ደግሞ 1,048,576 ባይት የነበረው 1,000,000 ይሆናል። ፊደል እየቆጠርን ነው የምንኖረው።

ፋይል ሲስተሙ ተሠራ እንበል። ተማሪው 1 ጊጋባይት ኢኤክስቲ4 ሠርቶ፣ በአንድ ትንሽ ስክሪፕት መቶ ሺህ ባዶ ፋይሎች ሊፈጥርበት ይሞክራል። መሐል ላይ “ቦታ የለም” ይባላል። ዲኤፍ ብሎ ሲያይ ዲስኩ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያለቀው ኢኖድ ነው። ኢኤክስቲ4 ሲሠራ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ኢኖድ ቆጥሮ ስለሚያስቀምጥ፣ በ1 ጊጋባይት ውስጥ ከ65,536 በላይ ፋይል አይገባም። ይህ ሲሠራ የተወሰነ ነው፤ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ኤክስኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ ኢኖዱን እንዳስፈለገ ያወጣሉ። ልዩነቱ ራሱ ደስ የሚል ትምህርት ነው፣ በደስታ ነው የማስተምረው። የማዝነው በመልእክቱ ነው። ለቦታ ማለቅና ለኢኖድ ማለቅ ሁለት የተለያዩ ቃላት መስጠት ምን ይከብድ ነበር?

መልእክት ካልን፣ ከሁሉ የባሰው ማውንት የሚሰጠን ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ተሳስቷል፣ ወይም ኦፕሽኑ ተሳስቷል፣ ወይም ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷል፣ ወይም ኮድፔጅ ወይም ረዳት ፕሮግራም ጠፍቷል፣ ወይም ሌላ ስሕተት አለ። አንድ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ራሳችሁ ነው፣ ወይም ሆዳችሁ፣ ወይም እግራችሁ፣ ወይም ሌላ ነገር ብሎ ቢሸኛችሁ ማለት ነው። እውነተኛው ምክንያት የከርነሉ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ዲሜሴጅ ብላችሁ እዩ ይላል። በብዙ የዛሬ ዲስትሪቢውሽኖች ላይ ደግሞ ዲሜሴጅ ለተራ ተጠቃሚ ዝግ ነው። ተማሪው ማውንት ለማድረግ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይሻል፣ ለምን እንዳልሠራ ለማወቅም እንደዚያው።

አንድ ጊዜ ይህ መልእክት ሙሉ ቅዳሜዬን ወሰደብኝ። አንድ የኤክስኤፍኤስ ኢሜጅ አዘጋጅቼ ለሁሉም ተማሪ ቅጂ ሰጠሁ። ሥራቸውን ሲመልሱ ለማረም የመጀመሪያውን ማውንት አደረግሁ፣ ተከፈተ። ሁለተኛውን ሞከርሁ፣ ያ ረጅም ዝርዝር መጣ። ኢሜጁ ተበላሽቷል ብዬ ለተማሪው ደውዬ ሌላ እንዲልክ ጠየቅሁት፤ ከክፍለ ከተማ ማዶ በታክሲ መጥቶ በፍላሽ አመጣልኝ። ያም አልከፈት አለ። ማታ ላይ የከርነሉን መዝገብ ሳይ ጉዳዩ ተጽፎልኛል፦ ዩዩአይዲው የተደገመ ስለሆነ ማውንት አላደርግም። ቅጂዎቹ ሁሉ ከአንድ እናት ስለወጡ መለያ ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ኤክስኤፍኤስ ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ባንድ ጊዜ አያስገባም። ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ኖዩዩአይዲ የሚል አንድ ኦፕሽን ብጨምር ወይም በኤክስኤፍኤስ አድሚን አዲስ ቁጥር ብሰጠው የደቂቃ ሥራ ነበር። ይህን ያህል ጥርት ያለ ምክንያት እያወቀ፣ እኔ ፊት ላይ “ወይም ሌላ ስሕተት” ብሎ መጻፉ ነው ያንገበገበኝ። ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ስለ ምርመራም ላንሳ። ኢኤክስቲ4 ላይ ኤፍኤስሲኬ ብለን ስንጠራው ዲስኩን ይመረምራል። ኤክስኤፍኤስ ላይ በዚያው ስም የሚጠራው ፕሮግራም ምንም ሳይመረምር በሰላም ይመለሳል፤ እውነተኛው ምርመራ ያለው ኤክስኤፍኤስ ሪፔር ውስጥ ነው። ተማሪዎች በሪፖርታቸው “መረመርነው፣ ንጹሕ ነው” ብለው ይጽፋሉ። ማን መረመረው? ዲስኩን ማሳደግም እንዲሁ ነው፦ አንዱ የዲቫይሱን ስም ይጠይቃል፣ አንዱ ማውንት የተደረገበትን ቦታ፣ አንዱ ሌላ ንኡስ ትእዛዝ። ከሊኑክስ ወጥተን ፍሪቢኤስዲ ስንገባ ሎሴትአፕ ይቀርና ኤምዲኮንፊግ ይሆናል፣ ኦፕንቢኤስዲ ቪኤንኮንፊግ፣ ሶላሪስ ሎፋይአድም፣ ማክ ኤችዲአዩቲል። ሁሉም የሚሉት ያንኑ ነው፦ ይህን ፋይል ዲስክ አድርገው። የባቢሎን ግንብ ሠራተኞችም ቢሆኑ ጡብና ጭቃው አንድ ነበር፣ ያልተግባቡት በስሙ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ስናፕ የሚባለው አሠራር እያንዳንዱን ፕሮግራም በሉፕ ዲቫይስ ስለሚከፍት፣ ኤልኤስብሎክ ብለን ስንዘረዝር ሉፕ 0፣ ሉፕ 1፣ ሉፕ 2 እያለ ገጹን ይሞላዋል። ተማሪው የራሱን ዲስክ ከዚያ መሐል መፈለግ አለበት። ዋና ቁጥራቸው 7 የሆኑትን አታሳየኝ ማለት ይቻላል፣ ግን ያኔ የተማሪውም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ አንዱ ተማሪ ዲቫይሱን ሳይፈታ ፋይሉን ይሰርዛል። ፋይሉ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ ቦታው ግን አይለቀቅም፤ ሰርቨሩ ሲሞላ የሚጮኸው ግን ሌላ ሰው ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ያያያዝነው ሁሉ ተፈትቶ ይጠብቀናል፣ ከሀ እንጀምራለን። ስንት ጊዜ ከሀ እንደጀመርን እኔና ተማሪዎቼ ነን የምናውቀው።

የቅርቡን ብቻ ጨምሬ ላብቃ። በቤቴ ላፕቶፕ ላይ ያዘጋጀሁትን የኢኤክስቲ4 ኢሜጅ ላብ ወስጄ ላስመረምር ስል፣ መመርመሪያው የማላውቀው ባሕርይ አለበት፣ አዲስ ስሪት አምጡ አለኝ። በ2023 የወጣው ኢቱኤፍኤስፕሮግስ 1.47 ሳይጠየቅ አዳዲስ ባሕርያት ከፍቶ ነው የሚሠራው፤ የላባችን ኮምፒውተር መመርመሪያ የቆየ ነው። ስሙ ያው ኢኤክስቲ4 ነው። ፋይል ሲስተሙን ስሠራ ባሕርያቱን አጥፍቼ መሥራት እችል ነበር፤ ግን መኖራቸውን መጀመሪያ ማወቅ ነበረብኝ።

የላባችን ግድግዳ ላይ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል። በቁመቱ ፋይል ሲስተሞቹ፣ በአግድሙ “በግድ”፣ “ስም”፣ “ትንሹ መጠን”፣ “ማሳደጊያ”፣ “መመርመሪያ”። ሲጀመር አንድ ገጽ ነበር፣ አሁን አራተኛው ላይ ነን፤ በዚህ ሳምንት “ስሪት” የሚል ዓምድ ጨመርኩበት። ያቺ ፈተና ላይ የተቸገረችው ልጅ ቆማ ስታነብ አገኘኋትና “መምህር፣ ይህን ሁሉ በቃል እንያዘው?” አለችኝ። አይደለም አልኳት። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የማካካሻ ፈተናዋን ትወስዳለች፤ ወረቀቱን ከግድግዳው አላነሳውም።